የድሮ ሳክስፎን ሳጥን ገበሩ ሲላቀቅ እንዴት መልሰን እንለጥፈው

አጎቴ በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ አልቶ ሳክስፎን ይነፋ ነበር። መሣሪያው ከነሳጥኑ እኔ እጅ ሲገባ ሳክስፎኑ ደህና ነው። ሳጥኑን ስከፍተው ግን የክዳኑ ቀይ ከፋይ ተላቅቆ፣ እንደ መጋረጃ ወርዶ ቁልፎቹ ላይ ተኝቷል። ጠርዙን ስነካው ቡናማ ዱቄት ይረግፋል። ጨርቅ ነው፣ ምን ያመጣል ብዬ ተውኩት። አንድ ቀን መሣሪያውን ላወጣ ብድግ ሳደርገው ጨርቁ አንዱ ቁልፍ ሥር ገብቶ ተጠልፎ አገኘሁት። ትንሽ ጠንከር አድርጌ ስቤው ቢሆን ኖሮ ቁልፉ ታጥፎ ነበር። ሥራውን የጀመርኩት የዚያኑ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ የጓደኞቼንም ሳጥኖች እየሠራሁ ስለቆየሁ፣ የሚያዋጣውንና የማያዋጣውን እዚህ ላስቀምጥላችሁ።

እንዲህ ያለ ሳጥን አልጋ ሥር ወይም ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠበት ቤት ብዙ ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው ከአርባዎቹ የአርመን ልጆች ባንድ በኋላ፣ ክብር ዘበኛውም፣ ጦር ሠራዊቱም፣ ፖሊስም፣ ማዘጋጃ ቤትም የየራሳቸው የሙዚቃ ክፍል ነበራቸው። የእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ መሣሪያውን ይወርሳሉ። መሣሪያው ወደ ጠጋኝ ይሄዳል፤ ሳጥኑን የሚያስታውሰው የለም። ሳክስፎን ግን ሳጥኑ ውስጥ ሲተኛ የሚያርፈው ገበሩና ከገበሩ ሥር ባለው ድጋፍ ላይ ነው። ያ ከተላቀቀ መሣሪያው በተነሳ በተቀመጠ ቁጥር ይንገላታል።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ልናገር። ብዙ ሰው አሮጌውን ገበር ልጦ ጥሎ አዲስ ጨርቅ ማልበስ ያምረዋል። እኔ አልመክርም። የድሮው ጨርቅ ለየጥጉና ለየእጥፋቱ ተለክቶ የተቆረጠ ነው፤ ውፍረቱም ከመሣሪያው ጋር የተስማማ ነው። በምትኩ ወፈር ያለ ከፋይ ብታለብሱት፣ ሁለት ሚሊሜትር ብቻ ቢጨምር እንኳ ክዳኑ ሲዘጋ ቁልፎቹን ሊጫን ይችላል። የተላቀቀውን መልሱ፣ የተቀደደውን ስፉ፣ የያዘውን አትንኩ። ይሄ ከሁሉም ይበልጣል።

መጀመሪያ ባዶ አድርጉት

ሳክስፎኑን፣ አንገቱን፣ ማውዝፒሱን፣ ማሰሪያውን፣ ትንሿ ክፍል ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጡ። መሣሪያውን አልጋ ላይ በንጹህ አንሶላ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አይመለስም። ከዚያ ሳጥኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከላይ፣ ከጎን፣ እያንዳንዱን ጥግ። ጨርቁ በየት በኩል እንደታጠፈ፣ የትኛው ቁራጭ የትኛውን እንደደረበ የሚታይ ይሁን። በኋላ የትኛው ጠርዝ ከላይ እንደነበር ሲጠፋባችሁ ይህ ፎቶ ነው የሚያወጣችሁ።

ቀጥሎ ብል ፈልጉ። ገበሩ ከሱፍ ከሆነ፣ ወይም ከሥሩ የሱፍ ጉዝጓዝ ካለ፣ ብል ይወደዋል። ምልክቱ በየእጥፋቱ ውስጥ የተጠራቀመ አሸዋ መሳይ ነገር፣ የደረቀ የትል ቆዳ፣ ወይም ፀጉሩ ተግጦ የተራቆተ ቦታ ነው። የሳክስፎን ቁልፎች ሥር ያሉት ክብ ትራሶች ከላይ ቆዳ፣ ከውስጥ የተጠቀጠቀ ሱፍ ናቸው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ብል ወደዚያ ይሻገራል። ስለዚህ ካገኛችሁ መሣሪያውንም እያያችሁ፣ ሳጥኑን እስኪጠራ ድረስ ጥረጉት።

ማጽዳትና ማድረቅ

አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የድሮ ሙጫ ዱቄትና የሻጋታ አቧራ ወደ ሳንባ እንዲገባ አትፍቀዱ። ቫኪዩም ካላችሁ አፉ ላይ ስስ ሻሽ አስራችሁ በቀስታ ሳቡ፤ ሻሹ ከሌለ የተላቀቀውን ጨርቅ ይዞት ይገባል። ቫኪዩም ከሌለ ደግሞ ደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፤ ደጅ ወጥታችሁ ወደ ከፋዩ ፀጉር አቅጣጫ ብቻ ጥረጉ።

አዲስ አበባ ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ የከረመ ሳጥን ብዙውን ጊዜ ይሸታል። ሽታው ከሻጋታ ነው። እጣን ማጠን ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ ሻጋታውን አያጠፋውም። የሚረዳው ፀሐይና ነፋስ ነው። ሳጥኑን ከፍታችሁ የጠዋት ፀሐይ ላይ ለአንድ ሁለት ሰዓት አስቀምጡት፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ይዋል። ይህን ሦስት አራት ቀን ደጋግሙት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አትተዉት፤ ከፋይ ቀለሙን ይለቃል፣ እንጨቱም ይጣመማል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ የሚታይ ከሆነ 70 በመቶ አልኮል በነጭ ጨርቅ ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ ዳበስ ዳበስ አድርጉት። ከዚያ በፊት ግን በማይታይ ጥግ ላይ ሞክሩት። ነጩ ጨርቅ ላይ ቀለም ከመጣ አልኮሉን ተዉት፣ በፀሐዩ ብቻ ቀጥሉ። አልኮል በእጃችሁ እያለ ደግሞ እሳት አጠገባችሁ አይኑር።

የተላቀቀው ምኑ ነው?

ብዙዎቻችን ኮላ ገዝተን ነው የምንጀምረው። ቆም በሉ። መዳፋችሁን ገበሩ ላይ አሳርፉና በቀስታ ተጫኑ። የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ከሰማችሁ ሙጫው ደርቆ ዱቄት ሆኗል ማለት ነው። ጨርቁ ብቻውን ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ የተላቀቀው ጨርቁ ነው። ከጨርቁ ጋር ደረቅ ነገር አብሮ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በብዙ የድሮ ሳጥኖች ላይ ከፋዩ በቀጥታ እንጨቱ ላይ አልተለጠፈም። መጀመሪያ ካርቶን ላይ ተለጥፎ፣ ካርቶኑ ነው ከእንጨቱ ጋር የተያያዘው። ጨርቁ ካርቶኑን እንደያዘ ካርቶኑ ከእንጨቱ ከለቀቀ ሥራው በጣም ይቀላል፤ እንዳለ አውጥታችሁ፣ ጀርባውን አጽድታችሁ፣ መልሳችሁ መለጠፍ ነው። ይህን ሳያይ ጨርቁን ከካርቶኑ ላይ የላጠ ሰው ሥራውን በገዛ እጁ ሦስት እጥፍ ያደርገዋል።

እንጨቱንም እዩ። የሳጥኑ ጥግ ከፈታ፣ ወይም ኮምፔንሳቶው ንብርብሩ ከተከፈተ፣ ገበሩን ከመንካታችሁ በፊት እሱን በእንጨት ኮላ አጣብቁ፣ በገመድ ጠፍራችሁ ለአንድ ቀን አስቀምጡት። የሚንቀሳቀስ እንጨት ላይ የተለጠፈ ጨርቅ አይቆይም።

አሁን የድሮውን ሙጫ እንለየው። ከረገፈው ቡናማ ፍርፋሪ ትንሽ ወስዳችሁ ጠብታ ለብ ያለ ውሃ አድርጉበት። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቃችሁ በጣታችሁ ስታሹት የሚያጣብቅ ከሆነ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚሠራው የጥንቱ ሙጫ ነው። በውሃ ይለቃል፤ ትልቁ ደግነቱ ይሄ ነው። ውሃው ምንም ካላደረገው፣ እንደ ላስቲክ የሚሳብ ከሆነ፣ ከጊዜ በኋላ ሰው በማስቲሽ ጠግኖታል ማለት ነው። እሱን በጣት እያንከባለላችሁ በትዕግሥት ማንሳት ብቻ ነው።

የትኛው ማጣበቂያ?

በመጀመሪያው ሳጥኔ ላይ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። ማስቲሽ ጨርቁ ጀርባ ላይ በደንብ ቀባሁ። ከፋዩ ጠጣው፣ ወደ ፊት ወጣ፣ ሲደርቅ ፀጉሩ ተጣብቆ መዳፍ የሚያህል ጠንካራ ጥቁር ቦታ ቀረ። እስካሁን አለ። አጎቴ ለስንት ዓመት በጥንቃቄ የያዘውን ጨርቅ እንዲያ ማድረጌ ዛሬም ያሳዝነኛል። የጨርቅ ሥራ ላይ ማስቲሽ ሌላም ችግር አለው። ሁለቱም ወገን ይቀባል፣ ጣት ላይ መያዝ እስኪያቆም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከተነካካ በኋላ ግን ማስተካከል የለም፤ ጠማማ ከያዘ ጠማማ ነው። ነጩን ፎም፣ ያ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ማለቴ ነው፣ ያቀልጠዋል። የማስቲሹ እንፋሎትም ለጤና መጥፎ ነው። እኔ ማስቲሽ የምጠቀመው ጨርቁ በጣም ተወጥሮ በሚይዝበት ጠባብ ጥግ ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም መስኮት ከፍቼ፣ በጥርስ ማጽጃ እንጨት ጫፍ።

ለአብዛኛው ሥራ የአናጢዎቹ ነጭ ኮላ ይበቃል። ርካሽ ነው፣ በየሕንፃ መሣሪያ ሱቁ አለ፣ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል፣ ሲደርቅም ነጭነቱ ይጠፋል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ሲደርቅ ኮምጣጤ የሚመስል እንፋሎት ይለቃል፤ እሱ ለነሐስም ለብርም አይስማማም። ስለዚህ ነው መሣሪያው አንድ ሳምንት ይቆይ ያልኩት።

የጥንቱን ሙጫ በፍሬ መልክ ማግኘት የሚችል ሰው፣ በተለይ ውጭ አገር ያላችሁ የእንጨት ሥራ ዕቃ ከሚሸጥበት፣ እሱን ብትጠቀሙ ደስ ይለኛል። ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ በማግስቱ ውሃ የያዘ ድስት ውስጥ በሌላ ዕቃ ተቀምጦ 60 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። አይፈላ፤ ከፈላ ጉልበቱን ያጣል። ነገ ሌላ ሰው ሳጥኑን መክፈት ቢፈልግ በውሃ ብቻ ይለቅለታል።

ሱፐር ግሉ አይሆንም፤ ጨርቁን እንደ ቅርፊት ያደርቀዋል፣ ዙሪያውንም ነጭ ያለብሰዋል። በሽጉጥ የሚቀልጠው የፕላስቲክ ሙጫም እብጠት ይፈጥራል፣ ሳጥኑ ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥ ሲቆይ ደግሞ ይለቃል።

መፋቅና መለካት

በስፓቱላ ወይም በማይቆርጥ የቅቤ ቢላ እንጨቱ ላይ ያለውን የድሮ ሙጫ ፋቁ። የጥንቱ ሙጫ ከሆነ እርጥብ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ አሳርፉበትና ሲለሰልስ አንሱት፤ ከዚያ ሙሉ ቀን ይድረቅ። የቀረውን ሻካራ ነገር በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ እሹት። የጨርቁን ጀርባ ግን በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነኩት፤ በእጅና በብሩሽ ብቻ።

አሁን ያለ ኮላ ሞክሩ። ጨርቁን ወደ ቦታው መልሱ፣ በልብስ መቆንጠጫ ጠርዙን ያዙ፣ ሳክስፎኑን አስገቡና ክዳኑን በቀስታ ዝጉ። ገበሩ ከጊዜ ብዛት ተለጥጦ ከሆነ ትርፍ ጨርቅ ታያላችሁ። ለመቁረጥ አትቸኩሉ። ትርፉን ወደ ጠርዙ እየገፋችሁ ከጠርዙ እጥፋት ሥር ደብቁት፤ ከተቆረጠ አይመለስም። ቦታው ከተስማማ በኖራ ጠመኔ ትንንሽ ምልክት አድርጉ፣ መሣሪያውን መልሳችሁ አውጡ።

መለጠፍ

በክዳኑ እንጀምር፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚላቀቀው እሱ ነው፣ ክብደቱ ወደ ታች ስለሚስበው። ሳጥኑን ገልብጡና የክዳኑ ውስጥ ወደ ላይ እንዲያይ አድርጋችሁ አጋድሙት፣ ከሥሩም መጽሐፍ ደግፉበት፤ ማጠፊያዎቹ ጭነት እንዳይሸከሙ።

ኮላው የሚቀባው እንጨቱ ላይ ነው። ጨርቁ ላይ አይቀባም። በስፋት በብሩሽ ቀቡት፣ ከዚያ በካርቶን ቁራጭ ጠርዝ ግፉትና ስስ አድርጉት። እንጨቱ ከሥሩ መታየት አለበት። ነጭ ሆኖ ከተጋገረ በዝቷል፣ በከፋዩ በኩል ይወጣል። አንድ ደቂቃ ገደማ ተዉት፣ ትንሽ ይያዝ፣ ከዚያ ጨርቁን ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ጠርዝ በመዳፍ አስተኙት። በአንድ ጊዜ መዳፍ የሚያህል ቦታ ብቻ ሥሩ። መላውን ክዳን በአንዴ የቀባ ሰው አንዱን ጥግ ሲያስተካክል ሌላው ይደርቅበታል።

መጫኛው ላይ ሁሉም ይቸገራል፤ ሳጥኑ ጎርባጣና ክብ ስለሆነ ድንጋይ ወይም መጽሐፍ አይገጥምም። እኔ ያገኘሁት ጥሩ ዘዴ ካልሲ ነው። ጤፍ በፌስታል አስራችሁ ካልሲ ውስጥ ክተቱት። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ እንደ ውሃ እየፈሰሰ የየጥጉን ቅርጽ ይይዛል፤ ሩዝም አሸዋም ይሆናል፣ እንደ ጤፍ ግን አይገጥምም። በካልሲውና በከፋዩ መሃል ንጹህ ፌስታል አንጥፉ። ከባድ አይሁን፤ አንድ ኪሎ በቂ ነው። በጣም ከተጫነ የከፋዩ ፀጉር እንደተኛ ይቀራል። ጠርዞቹን በልብስ መቆንጠጫ ያዙ፣ በመቆንጠጫውና በጨርቁ መሃል ግን የካርቶን ቁራጭ አስገቡ፤ ጥርሱ ምልክት እንዳይተው። አንድ ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ቦታ እለፉ። ቀስ ያለ ሥራ ነው፣ አንድ ክዳን ግማሽ ቀን ይወስዳል።

መሃሉ ብቻ ያበጠ ከሆነ

ጠርዙ ሁሉ ይዞ መሃሉ ላይ ብቻ አየር የገባ ይመስል የሚያብጥ ገበር አለ። እሱን ለመሥራት ብላችሁ ጤነኛውን ጠርዝ አትላጡ። ከፋርማሲ ሲሪንጅና ወፈር ያለ መርፌ ግዙ። ኮላውን በጥቂት ጠብታ ውሃ አቅጥኑት፣ መርፌውን በስፌት መስመር ወይም በእጥፋት በኩል አስገቡና እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ አድርጉ። ጨርቁን በጣት ዳበስ አድርጋችሁ ኮላውን ከውስጥ በትኑትና የጤፉን ካልሲ ጫኑበት። ካርቶን ካለው ግን ጨርቁን ብቻ መውጋት አይበቃም፤ መርፌው ካርቶኑንም መውጋት አለበት፣ ጫፉ እንጨቱን ሲነካ ይሰማችኋል።

የተቀደደ ቦታ

ኮላ ቀዳዳ አይጠግንም። ከቀዳዳው በሁሉም ወገን ሁለት ሁለት ሴንቲሜትር የሚተርፍ አቡጀዴ ቁረጡ፣ ከሥሩ አስገቡና የተቀደደውን ጠርዝ በቀጭን ክር ከአቡጀዴው ጋር ስፉት። ክሩ ከከፋዩ ትንሽ ጠቆር ያለ ይሁን፤ ፈዛዛው ከሩቅ ይታያል። እያንዳንዱ ስፌት ከጠበቀ በኋላ ፀጉሩን በመርፌ ጫፍ አውጡት፣ ስፌቱን ይሸፍነዋል። ጨርቁ ጨርሶ የጠፋበት ቦታ ካለ ቁራጭ ከፋይ መርካቶ ከጨርቅ ሻጮቹ ታገኛላችሁ፤ የድሮውን ናሙና ይዛችሁ ሂዱ። ስትቆርጡ የፀጉሩን አቅጣጫ ከድሮው ጋር አንድ አድርጉት። በመዳፍ ስትዳብሱት ወደ አንድ ወገን ይለሰልሳል፣ ወደ ሌላው ይሻክራል። ተቃራኒ ከሆነ ቀለሙ አንድ ሆኖ እንኳ የተጣፈው ቁራጭ ጠቁሮ ይታያል።

ከገበሩ ሥር ያለው ድጋፍ ስፖንጅ ከሆነና ሲነኩት እየተፈረፈረ የሚያጣብቅ ከሆነ ዕድሜው አልቋል፤ ሁሉንም አውጡት፣ ትንሽ ማስተረፍ የለም። በዚያው ውፍረት ጠጠር ያለ አዲስ ስፖንጅ ተኩ። ጎማ አታስገቡ። ጎማ ድኝ አለው፣ ብር የተለበጠ መሣሪያ ያጠቁራል።

መሣሪያው ከመመለሱ በፊት

ሥራው ሲያልቅ ሳጥኑ ተከፍቶ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ይቆይ። ክረምት ከሆነ ሰባቱም። ለማወቅ ቀላል ነው፤ ማታ ዝጉት፣ ጠዋት ከፍታችሁ ወዲያው አሽትቱ። የኮላ ሽታ ካለ ገና ነው።

ከዚያ ቀጭን የወረቀት ቁራጮች አዘጋጁ። ሳክስፎኑን አስተኙት፣ ቁራጮቹን ቁልፎቹ ከፍ ባሉበት ቦታ ላይ አድርጉ፣ ጫፋቸው ወደ ውጭ ይውጣ። ክዳኑን ዝጉና አንድ በአንድ ሳቡ። ከሰፊው አፍ ጠርዝና መሣሪያውን አጥብቀው እንዲይዙ ከተሠሩት ድጋፎች በኩል ትንሽ ቢይዝ ደግ ነው። ቁልፎቹ ላይ ያለው ወረቀት ግን ያለ ችግር መውጣት አለበት። ከያዘ እዚያ ቦታ ኮላ ተጋግሯል ወይም ጨርቅ ተደርቧል፤ ከፍታችሁ አስተካክሉት፣ በጉልበት ዘግታችሁ አትለፉት። አልቶ ሳክስፎን ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ሳጥኑን ዘግታችሁ ደረት ላይ አቅፋችሁ ቀስ ብላችሁ ግራና ቀኝ ስታዘነብሉት ከውስጥ ኳ የሚል ነገር ከተሰማ ድጋፉ ጎድሏል። ከገበሩ ሥር፣ መሣሪያው ከታች በሚያርፍበት በኩል፣ ስስ የሱፍ ጨርቅ ጨምሩና እንደገና ሞክሩ። በክዳኑ በኩል ምንም አትጨምሩ።

በመጨረሻ የአንገቱን ማስገቢያ የሚዘጋውን ቡሽ መሳይ ክዳን አስታውሱ። ከድሮ ሳጥኖች ውስጥ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚገኘው። እሱ ከሌለ እዚያ ጋ ወጣ ብላ ያለችው ቀጭን ዘንግ አዲስ የለጠፋችሁትን ገበር ትወጋዋለች፣ ራሷም ትታጠፋለች። ከወይን ጠርሙስ ቡሽ ላይ በልኩ ቀርጻችሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳችሁ አስገቡላት።